ቅጠል ማድረቅ ለሳይንስ ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪዬ በትውልድ አካባቢዬ ያሉትን ዕፅዋት ሰብስቤ፣ አድርቄና መዝግቤ እንዳቀርብ ሐሳብ ሰጡኝ። ጓደኞቼ ግን ‹ቅጠል ለቀማ› እያሉ ያሾፉብኛል። ፈረንጆች ድሮ የጨረሱት ሥራ ነው፣ አሁን ሁሉም ነገር በዲኤንኤና በስልክ ካሜራ ይታወቃል ይሉኛል። እውነት የተፈጥሮ ታሪክ ጥናት ዛሬ ለሳይንስም ሆነ ለኅብረተሰቡ የሚጠቅመው ነገር አለ? ርዕሱን ልያዘው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ያዢው። ግን በዚህ ስፋቱ ሳይሆን አጥብበሽ ያዢው። እንዴት እንደሚጠብ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጃቸው።

የተፈጥሮ ታሪክ የምንለው ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በሚኖሩበት ቦታ ማየት፣ ማንነታቸውን መለየት፣ የሚያደርጉትን መመዝገብና ማስረጃውን ማስቀመጥ ነው። ይህ ተክል የት ይበቅላል? መቼ ያብባል? ማን ይበላዋል? ዘሩን ማን ይበትንለታል? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። መልሳቸው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይገኝም።

«ፈረንጆች ጨርሰውታል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 እዚያው እስኪሞት ድረስ ብዙ የዕፅዋት ናሙና ወደ አውሮፓ ልኳል። የብዙ ዕፅዋታችን ሳይንሳዊ ስም ሲወጣ መነሻ የሆነው ናሙና እስከ ዛሬ ያለው እዚያው አውሮፓ ነው። በኋላ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980 አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ የሚዘረዝሩ ጥራዞችን አዘጋጁ። ሥራው በ2009 ሲጠናቀቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ያለ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ይህ አይታሰብም ነበር።

ታዲያ ተጨረሰ? አልተጨረሰም። ኦጋዴን ውስጥ አንድ የግራር ዓይነት አለ። ልጡ ግራጫ ነው፣ አበባው ደግሞ ሮዝ። ወደ 8,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ሸፍኗል። ይህ ዛፍ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ገና በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ልብ በይ፣ በጉንዳን ጉድጓድ የተደበቀ ነገር አይደለም። አገር የሞላ ዛፍ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ቦታው ሩቅ ስለሆነና ጸጥታውም አስቸጋሪ ስለነበረ ግን ናሙና ይዞ ወደ ሄርባሪየም፣ ማለትም ወደ ደረቅ ዕፅዋት ማኖሪያ፣ የመጣ ሰው አልነበረም። አንድ ሙሉ የዛፍ ዝርያ እንዲህ ከታለፈ፣ ሣሩና ነፍሳቱ ምን ያህል እንደቀሩን ገምቺ።

ወደ ዲኤንኤው እንምጣ። ዲኤንኤ ድንቅ መሣሪያ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ብቻውን ስም አይናገርም። ከአንድ ቅጠል ያወጣሽውን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ከምን ጋር ታመሳክሪዋለሽ? ቀደም ሲል በባለሙያ ከተለየና ስሙ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ነው። ያ ናሙና ከሌለ በእጅሽ ያለው የፊደል ሰልፍ ብቻ ነው። የስልክ መተግበሪያውም እንዲሁ ነው። የሚማረው ሰው ለይቶ ካስቀመጠለት ፎቶ ነው። የእኛ አገር ዕፅዋት ፎቶ ደግሞ ከአውሮፓው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሙጃና አክርማን የመሳሰሉ ሣሮችን በትክክል ለመለየት አበባቸውን ፈልቅቆ በማጉያ መነጽር ማየት ይጠይቃል። ፎቶ ያንን አያሳይሽም።

እንዲያውም ጓደኞችሽ የሚተማመኑበት የዲኤንኤ ምርመራ ራሱ የዚህ ሙያ ውለታ አለበት። በ1966 የሎውስቶን በሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለ ፍል ውሃ አንድ ባክቴሪያ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች መድኃኒትም ገንዘብም እየፈለጉ አልነበረም። በዚያ ሙቀት ምን ይኖራል ብለው ነው የሄዱት። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሙቀት የማይበግረው የዚያ ባክቴሪያ ኢንዛይም ዲኤንኤን ለማባዛት ዋናው መሣሪያ ሆነ። የኮቪድን ፒሲአር ምርመራ ያስቻለው ይኸው መንገድ ነው።

ለኅብረተሰቡ ያለውን ጥቅም ለማየት ግን ድሬዳዋን የሚያክል ምሳሌ የለም። ወባ ሲባል የገጠር፣ የክረምት ማግስት በሽታ አድርገን ነው የምናስበው። ዋነኛዋ አስተላላፊ ትንኛችን የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውሃ ስለሆነ የኖረው ምክር «ያቆረ ውሃ አፋስሱ» የሚል ነው። በ2016 ሶማሌ ክልል ውስጥ ባለችው ቀብሪ ደሃር ላይ የትንኝ እጭ የሰበሰቡ ተመራማሪዎች ግን የማይጠበቅ ነገር አገኙ። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ የትውልድ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር የሆነ ትንኝ ነበረች። ከዚያ በፊት በ2012 ጅቡቲ ላይ ታይታለች። ለተራ ዓይን ከኛዎቹ ትንኞች አትለይም። በማጉያ መነጽር ስር ግን ከአፏ ግራና ቀኝ ባሉት ዘንጎች ላይ ያሉት ነጫጭ ቀለበቶችና የክንፏ ነጠብጣብ ያሳብቁባታል። መጀመሪያ ይህን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ዲኤንኤው የሚያረጋግጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ማንነቷ መታወቁ ምን ለወጠ? ብዙ ነገር። ይህች ትንኝ የከተማ ናት። በባርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም። ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት በደረቁ ወቅትም ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። ያቆረ ውሃ ማፋሰስ ብቻውን እሷን አይነካትም፤ ሮቶው መከደን አለበት፣ ባርሜሉም መታየት አለበት። በርካታ የፀረ ትንኝ ኬሚካሎችንም ትቋቋማለች። ዝርያዋን የሚለይ ሰው ባይኖር ኖሮ የጤና ሠራተኞቻችን በተሳሳተ ቦታ ሲለፉ ይከርሙ ነበር። አንድን ትንኝ ከሌላው መለየት «ለቀማ» ከሆነ፣ ይህ ለቀማ ሰው ያድናል።

የቆየ ስብስብ ደግሞ ሌላ ኃይል አለው። የሰበሰበው ሰው ያላሰበውን ጥያቄ ይመልሳል። በእንግሊዝ አገር የወፍ እንቁላል መሰብሰብ ድሮ የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። ሰብሳቢዎቹ እንቁላሉን በትንሽ ቀዳዳ ባዶ ያደርጉትና ቀኑንና ቦታውን ጽፈው በመሳቢያ ያስቀምጡታል። በ1960ዎቹ ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ቁጥሩ ሲያሽቆለቁልና ጎጆው ውስጥ የተሰበረ እንቁላል ሲበዛ፣ ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ ወደነዚህ መሳቢያዎች ሄደ። ቅርፊቱን ሳይሰብር ውፍረቱን መለካት አልቻለም። ስለዚህ ባዶውን ቅርፊት መዘነና ክብደቱን ለርዝመቱና ለስፋቱ ብዜት አካፈለው። ዓመቶቹን ሲያሰልፋቸው ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ ሳስቷል። ያ ወቅት ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በሰፊው መረጨት የጀመረበት ነው። ጥናቱ በ1967 ታተመ። አሜሪካ ዲዲቲን ለግብርና እንዳይውል ያገደችው በ1972 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ፣ ምክንያቱም የዚህ ሙያ ድንበርም የሚታየው በዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው። እንቁላሎቹ መቼ እንደሳሱ አሳዩ። ለምን እንደሳሱ ግን ብቻቸውን ማረጋገጥ አይችሉም ነበር። ያንን ያረጋገጡት ወፎችን ኬሚካሉ ያለበት ምግብ እየመገቡ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የተፈጥሮ ታሪክ ጥያቄውን ያነሳል፣ ጊዜና ቦታ ያሳያል፣ ተጠርጣሪውን ይጠቁማል። መንስኤውን ለማረጋገጥ ሙከራ ያስፈልጋል። በመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ «ይህ ተክል የጠፋው በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። ልትይ የምትችዪው «በዚህ ዓመት እዚህ ቦታ ነበረ፣ አሁን ፈልጌ አላገኘሁትም» ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ድክመት አለ። ሰብሳቢ ሰው ነው፣ መኪና በሚገባበት ይሄዳል። ስለዚህ ስብስቦች ሁሉ ወደ መንገድ ዳር፣ ወደ ከተማ አቅራቢያና ወደ አበባ ወቅት ያደላሉ። ካርታ ላይ ነጥብ የሌለበት ቦታ ተክሉ የሌለበት ላይሆን ይችላል። ማንም ሳይሄድበት የቀረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያገኘሽውን ብቻ ሳይሆን የት የት እንደፈለግሽና ስንት ሰዓት እንደፈለግሽም ጻፊ። ብዙ ተማሪ ይህን ይዘለዋል።

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተሕዋስ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው አይተላለፍም። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ላይ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ተመለከቱ። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ያለው ግን ደህና ነበር። ሴቶቹ እንዶዱን ያውቁታል። ወንዙ ዳር የሚያልፍ ሁሉ የሞተውን ቀንድ አውጣ ሊያይ ይችላል። ሁለቱን አገናኝቶ «ለምን?» ያለው ግን አንድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ላቦራቶሪው የገባው። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች የተሻለውን በመምረጥና በማልማት ላይ ሠሩ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

ይህንንም ሳላጋንን ልንገርሽ። እንዶድ ቢልሃርዝያን ከአገራችን አላጠፋም። አሳም ይገድላል፣ ስለዚህ ወንዝ ላይ ዝም ብሎ የሚደፋ ነገር አይደለም። ዛሬ ለበሽታው መከላከያ በሰፊው የሚሰጠው ክኒን ነው። አንድ ግኝት ትልቅ ሆኖ መፍትሔነቱ ግን ውስን ሊሆን ይችላል። ይህ ግኝቱን አያሳንሰውም።

ጉዳዩ የድሮ ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ የቅርብ ላክልልሽ። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር እንደሚልስ አሳየ። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል አዳኝ ነው። አንዳንዶቹ ግን ከአበባ ወደ አበባ እየሄዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ሲልሱ ታይተዋል። አፋቸው ላይ ብናኝ ስለሚቀር ተክሉን ያራቡት ይሆናል ተብሎ ታስቧል። ዓይን ገላጩ ማን ይመስልሻል? ጥናቱን ከሠሩት አንዱ እንደተናገሩት፣ አበባው ማር እንዳለው መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀበሮዎች ነው የቀሩት፣ ለዓመታትም ሲጠኑ ኖረዋል። እንዲህም ሆኖ ምን እንደሚበሉ ገና እየተማርን ነው።

አንቺም የገጠር ልጅ ነሽ። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምሽ ሀብት ነው። እናትሽና ጎረቤቶችሽ የሚያውቁትን ተክል በስሙ ጠይቂ፣ ጻፊ። ነገር ግን ጥንቃቄ አለው። የባህል መድኃኒት አዋቂ የነገረሽን ሳይፈቅድልሽ አታትሚ። አገራችን የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ አላት፣ ቁጥሩ 482/2006 ነው። ናሙናም ዘርም ሆነ ዲኤንኤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ውጭ አገር ያለ ተመራማሪ «ትንሽ ዘር ላኪልኝ» ቢልሽ መልስሽ «በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል» ነው። የጤፍን የባለቤትነት መብት ጉዳይ ሰምተሽ ይሆናል። ሆላንድ ውስጥ ለአንድ ኩባንያ የተሰጠው ያ መብት በፍርድ ቤት ዋጋ ያጣው በ2018 ነው። ብዙ ዓመት የፈጀ ጉዳይ ነበር።

ስትሰበስቢም ልክ ይኑርሽ። ቦታው ላይ ጥቂት ተክል ብቻ ካየሽ ፎቶ አንሺ፣ አትንቀዪ። የማታውቂውን ፍሬ አትቅመሺ። ስለ ሥራ ዕድልም እውነቱን ልንገርሽ። በዚህ ዘርፍ ብቻ እንጀራ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ የሄርባሪየምና የሙዚየም የሥራ መደብ ጥቂት ነው። ዝርያ መለየት የሚችል ሰው ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ላይ፣ ፓርክ ላይ፣ ዘር ባንክ ላይ፣ ፀረ ወባ ሥራ ላይ ይፈለጋል። ከዚህ ጋር ስታቲስቲክስና የካርታ ሶፍትዌር ከተማርሽ በሩ ይሰፋል። እነዚህን ሁለቱን ከመመረቅሽ በፊት ያዢ።

አሁን ወደ ማጥበቡ። «የአካባቢዬ ዕፅዋት» የሚለው ርዕስ ለአንድ ተማሪ አይቻልም። ስም ዝርዝር ብቻ ይዘሽ ትወጫለሽ። በምትኩ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ምረጪ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው በብዛት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እነዚህ ደኖች ተመራማሪ ሲጎበኛቸው ኖሯል። ትኩረቱ ግን ከሁሉ በላይ ዛፉና ቁጥቋጦው ላይ ነበር። አንቺ ከሥር ያለውን ሣርና ለስላሳ ተክል ያዢ። ከሁሉ በፊት ለደብሩ አስተዳዳሪና ለቄሰ ገበዙ ሥራሽን አስረድተሽ ፈቃድ ጠይቂ። ሴት የማትገባበት ቦታ ወይም የማይነካ ነገር ካለ ቀድመሽ እወቂ። ከዚያ በወር አንድ ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በአንድ መስመር ላይ ተመላለሺ። በመስከረም ብቻ ከሄድሽ የምታገኚው የመስከረሙን አበባ ብቻ ነው።

ናሙናውን በጋዜጣ መሐል አድርገሽ ካርቶን ደርበሽ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ጋዜጣውንም በየቀኑ ቀይሪ። ካልቀየርሽ ይሻግታል። ከማድረቅሽ በፊት አንድ ቁራጭ ቅጠል እርጥበት በሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ውስጥ ለይተሽ አስቀምጪ። ነገ ዲኤንኤ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከዚያ ይወስዳል። የአበባውን ቀለም እዚያው ቆመሽ ጻፊ፣ ሲደርቅ ይጠፋልና። ቀን፣ የቦታው ስም፣ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ከፍታ፣ የአፈሩ ሁኔታ፣ አብሮት የበቀለው ተክል፣ የአገሬው ስም፣ ላዩ ላይ ያየሽው ነፍሳት፤ እነዚህ አይቅሩ። ቆንጆ ናሙና ያለ መለያ ጽሑፍ ድርቆሽ ነው። የተበላሸ ናሙና ጥሩ መለያ ካለው ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ይሠራል።

በመጨረሻም ስብስቡን ቤትሽ አታስቀምጪ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አድርጊና አንዱን ለዩኒቨርሲቲሽ፣ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ስጪ። አንድ ቦታ ያለ ስብስብ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። በ2018 የሪዮ ዴ ጄኔሮው ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል 20 ሚሊዮን ያህል ከሚገመተው ስብስቡ አብዛኛው አብሮ ወድሟል። ብሔራዊ ሄርባሪየሙን ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት አነጋግሪ። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚፈልጉ፣ ከአካባቢሽ ምን እንደሌላቸው ጠይቂያቸው። የመጀመሪያዋን ናሙና ቁጥር 1 በይ፣ ቁጥሩንም በየዓመቱ እንደገና ሳትጀምሪ ዕድሜሽን ሙሉ ቀጥዪበት።